ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ፦ የዓይን ኤሌክትሪክ ስለ አንጎል ሕመም ምን ይነግረናል?

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም፣ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። በሬቲና (ብርሃንን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ ምላሽ ዶፓሚን ከተባለው የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል ጋር የተያያዙ የአንጎል ሕመሞችን ለመለየት ያገለግላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣሉ። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። መልስ የሚሰጡት የዓምዱ የዓይን ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ አረማመዳቸውም ሲከብድ ወደ ነርቭ ሐኪም ወስደናቸው ነበር፤ ሕመሙ ፓርኪንሰን ነው ተብሎ ሌቮዶፓ ያለበት መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ደኅና ለውጥም አይተናል። ለንደን የሚኖረው ወንድሜ በቅርቡ ደውሎ፣ ዓይን ላይ ብርሃን እያበሩ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በመለካት ፓርኪንሰንን ገና ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ማወቅ እንደሚቻል ማንበቡን ነገረኝ። አባታችንን እዚያ ወስደን እንድናስመረምራቸው፣ እኛ ልጆቻቸውም እንድንታይ ይፈልጋል። ወጪው ከአቅማችን በላይ ነው፤ የሚጠቅም ከሆነ ግን ተበድረንም ቢሆን እንሄዳለን። ለመሆኑ ዓይንንና የእጅ መንቀጥቀጥን ምን ያገናኛቸዋል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከገንዘቡ ልጀምርና፣ ለዚህ ምርመራ ብላችሁ አትበደሩ። የፓርኪንሰን ሕመም ዛሬም በዋናነት የሚታወቀው ልምድ ያለው ሐኪም የታማሚውን እንቅስቃሴ በማየት፣ የሕመሙን ታሪክ በመጠየቅና ታማሚው ለሌቮዶፓ የሚሰጠውን ምላሽ በመከታተል ነው። በአባትዎ ላይ ይህ ሁሉ ተደርጓል፤ መድኃኒቱም እንደሠራላቸው ጽፈውልኛል። የዓይኑ ምርመራ ምንም ዓይነት ውጤት ቢያሳይ የሚወስዱት መድኃኒት አይለወጥም።

ይሁን እንጂ ወንድምዎ ያነበቡት ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ስለ ግንኙነቱ የጠየቁትም ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ነው። ሬቲና፣ ማለትም በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ተነጥፎ ብርሃንን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ በአፈጣጠሩ የአንጎል አካል ነው። ጽንሱ በማሕፀን ውስጥ ሲያድግ የፊተኛው አንጎል ወደ ግራና ወደ ቀኝ አብጦ በሚያወጣቸው ሁለት ከረጢቶች ይጀምራል፤ ካደገ በኋላም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ክሮችን በያዘው የዕይታ ነርቭ አማካይነት ከአንጎል ጋር እንደተያያዘ ይኖራል። በዚህ ሽፋን ውስጥ፣ አማክሪን ከሚባሉት ሕዋሳት መካከል፣ ዶፓሚን የሚያመርቱ አሉ። ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ቅርንጫፎቻቸው ረጃጅሞች ስለሆኑ መላውን ሬቲና ያዳርሳሉ። ብርሃን ሲመጣ ዶፓሚን ያመነጫሉ፤ ጨለማ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ተራው የሌሊቱ ሆርሞን የሜላቶኒን ይሆናል። ከጨለማ ክፍል ወደ ፀሐይ ስንወጣ ዓይናችን ለጥቂት ጊዜ ተጭበርብሮ ቀስ በቀስ የሚስተካከለው፣ የነገሮችም ጠርዝ ከጀርባቸው ተለይቶ የሚታየን፣ በከፊል በዚህ ኬሚካል ሥራ ነው። አባትዎ በመካከለኛው አንጎላቸው ውስጥ እያነሰ የሄደባቸውና እጃቸውን ያንቀጠቀጠውም ይኸው ዶፓሚን ነው።

ታዲያ አንጎል ውስጥ ሲቀንስ ዓይን ውስጥም ይቀንሳል? ይህ ጥያቄ በቀጥታ ተፈትሿል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በፓርኪንሰን ታመው የሞቱ ሰዎችን ሬቲና መርምሮ በውስጡ ያለው የዶፓሚን መጠን ከሌሎች ሰዎች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሰዓታት፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓ የወሰዱት ግን ከጤነኞቹ ብዙም አይለዩም ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በስውር የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በድንገት እንደ ፓርኪንሰን ታማሚ ደርቀው ሐኪም ፊት ቀርበው ነበር። ዕፁ ውስጥ የተገኘው ኤምፒቲፒ የተባለ መርዝ የዶፓሚን ሕዋሳትን እንደሚገድል ታወቀ፤ ከዚያም ተመራማሪዎች መርዙን ለዝንጀሮዎች ሲሰጡ የሬቲናቸው ዶፓሚን መቀነሱንና የዓይናቸው የኤሌክትሪክ ምላሽ መዛባቱን አዩ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በስፔን አሊካንቴ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ በፓርኪንሰን ታማሚዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በሬቲና ውስጥም አግኝተውታል። ስለዚህ ዓይንና እጅ የተገናኙት በአንድ ኬሚካል፣ ምናልባትም በአንድ የሕመም ሂደት ነው።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ስሙ ኤሌክትሮሬቲኖግራም ሲሆን በአጭሩ ኢአርጂ ይባላል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ ለልብ የሚያደርገውን ለሬቲና ያደርጋል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ዓይን ለብርሃን የኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጥ የስዊድኑ ሆልምግረን በ1865 አሳይቷል፤ ሞገዱን ከፋፍሎ ምንጩን የመረመረው ራግናር ግራኒትም በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። የሚመረመረው ሰው የዓይኑን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለትና 20 ደቂቃ ያህል ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያም እንደ ክር የቀጠነ ኤሌክትሮድ ከታችኛው የዓይኑ ሽፋን ጋር ይገጠምለታል፤ አለዚያም ሌንስ የሚመስል ኤሌክትሮድ ዓይኑ ላይ ይደረግለታል፤ ከዓይኑ ሥር ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ። አገጩን አስደግፎ ውስጡ ነጭ በሆነ ጎድጓዳ ሳሕን መሰል መሣሪያ ውስጥ ሲመለከት የብርሃን ብልጭታ ይሰጠዋል። ብልጭታው በበራ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ መስመሩ መጀመሪያ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ይህ ኤ ሞገድ ሲሆን የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሥራ ነው። ቀጥሎ ወደ ላይ ይዘላል፤ ይህ ደግሞ ቢ ሞገድ ሲሆን በዋናነት ባይፖላር የሚባሉት ሕዋሳት ሥራ ነው። በመውጫው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚታዩት ትናንሽ ርግብግቢቶች ከአማክሪን ሕዋሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከብልጭታ ይልቅ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች እየተቀያየሩ የሚታዩበት ሌላ ዓይነት ኢአርጂም አለ፤ ይህኛው የሚለካው የዕይታ ነርቭ የሚነሣባቸውን የጋንግሊዮን ሕዋሳት ምላሽ ነው።

በፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ በተለይ ይህ ሁለተኛው ዓይነት፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪው ኢቫን ቦዲስ-ዎልነርና ሌሎች ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ዝቅ ያለና የዘገየ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሌቮዶፓ ሲወሰድ መሻሻል የታየባቸውም ነበሩ። ይህ ለአባትዎ የዕለት ኑሮ ትርጉም አለው። በዓይን መመርመሪያ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ጥቁር ፊደላት ጥርት አድርገው ያነበቡ ታማሚ፣ ቤታቸው ሲገቡ በነጭ ኩባያ የቀረበላቸው ወተት እስከ የት እንደሞላ ላይለዩ፣ አመሻሽ ላይም የሲሚንቶውን ደረጃ ጠርዝ ስተው ሊደናቀፉ ይችላሉ። ቤተሰብ ይህን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ ግን ቀለማቸው የተቀራረበ ነገሮችን የመለየት አቅም መዳከም ነው፤ በመነጽርም አይስተካከልም። የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም መቀባትና ማታ መብራት ማብራት ከለንደኑ ጉዞ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ምርመራውን ለምን አናዝም? ጥናቶቹ የሚያነጻጽሩት የብዙ ታማሚዎችን አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ጋር ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማካይ ከ7ኛ ክፍሎቹ ይረዝማሉ፤ ነገር ግን አንድን ልጅ በር ላይ አቁመው ቁመቱን ቢለኩ የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነ መናገር አይችሉም። የኢአርጂ ውጤትም እንዲሁ ነው፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ጤነኞቹ በሚገኙበት ልክ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከጤነኞቹም ዝቅ ያለ ሞገድ ያላቸው አሉ። በዚያ ላይ ዕድሜ፣ የስኳር ሕመም፣ ግላኮማ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ ምርመራው የተደረገበት ሰዓት ጭምር ሞገዱን ይለውጡታል። ፓርኪንሰን ራሱም ምርመራውን ያስቸግራል፤ የራስ መንቀጥቀጥ መስመሩን ያበላሸዋል፤ ዓይን ቶሎ ቶሎ ስለማይርገበገብም ይደርቅና ኤሌክትሮዱ በደንብ አይዝም።

ወንድምዎ ያነበቡት ምናልባት በ2023 ከለንደን የወጣውን ጥናት ይመስለኛል። ያ ጥናት በአማካይ ሕመሙ ከመታወቁ 7 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሬቲና ላይ ለውጥ እንደሚታይ ገልጿል፤ ነገር ግን የለካው ኤሌክትሪክን ሳይሆን፣ ኦሲቲ በተባለ የብርሃን ምስል የሬቲናን ውፍረት ነው። በብዙ ሺህ ሰዎች መረጃ ላይ የተሠራ ጠቃሚ ሥራ ነው። ሆኖም እርሱም የሚናገረው ስለ ብዙዎች አማካይ እንጂ ስለ እርስዎ ወይም ስለ ወንድምዎ አይደለም። ልጆቹ እንመርመር ወይ ላሉት፣ የፓርኪንሰን ሕመም በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ አይደለም፤ ቀድሞ ቢታወቅ እንኳ ሕመሙን እንደሚያስቀር የተረጋገጠ መድኃኒት ዛሬ የለም። የማያድን ስጋት ገዝታችሁ እንድትመለሱ አልመክርም። አባትዎን ግን እዚያው ባሉበት በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ሐኪም ይያቸው፤ የግላኮማና የሞራ ምርመራ ይደረግላቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒትና የሚወስዱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ልጄ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ የአእምሮ ሕመም አለበት ተብሎ ከሁለት ዓመት ወዲህ መድኃኒት ይወስዳል። የሚታከምበት ክሊኒክ፣ የዓይንን የኤሌክትሪክ ምላሽ በሚለካ ጥናት ላይ በፈቃዱ እንዲሳተፍ ጠይቆታል። እርሱ ፈቅዷል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ዓይኑን ይጎዳው ይሆን? ውጤቱ በትክክል ታሟል ወይስ አልታመመም የሚለውን ይቆርጥልናል? ለምርመራው ሲባል መድኃኒቱን ቢያቆምስ?
(እናት፣ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እናቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ልጅዎ መድኃኒቱን የሚያዝለት ሐኪም ሳያውቅና ሳይፈቅድ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ። በዓይን ምርመራ የሚገኝ ምንም ዓይነት መረጃ ሕመሙ ቢያገረሽ የሚደርሰውን ጉዳት አያካክስም። ተመራማሪዎቹም ከመድኃኒት ጋር እንደሚመረምሩት አስቀድመው ይጠይቋቸው።

ዓይኑን አይጎዳውም። ከላይ ለቀደሙት ጠያቂ እንደገለጽኩት ወደ ዓይን የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም፤ ዓይን ራሱ ያወጣውን እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ መሣሪያው ያነብባል እንጂ። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ያስጠላዋል፤ በዚያን ቀን መኪና ባይነዳ መልካም ነው።

ሕመሙን ይቆርጥልናል ወይ ለሚለው ግን መልሴ አይደለም ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ስለሚገባዎ ዘርዘር አደርገዋለሁ። በስኪዞፍሬኒያ ሰዎች ላይ የኢአርጂ ሞገዶች፣ በተለይ ቢ ሞገድ፣ በአማካይ ዝቅ ብለው እንደሚታዩ ከአንድ በላይ የምርምር ቡድን አሳይቷል። በካናዳ ኩቤክ በሚገኘው የላቫል ዩኒቨርሲቲ ማርክ ኤበርና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት ሥራ በግሌ ከሁሉ ይበልጥ ክብደት የምሰጠው ነው። እነርሱ የመረመሩት ታማሚዎችን ሳይሆን፣ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባቸው ወላጆች የወለዷቸውን፣ ራሳቸው ግን ያልታመሙ ወጣቶችን ነበር። በእነዚህም ላይ በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት ምላሽ ቀንሶ ተገኘ። ብዙዎች «ሞገዱን ዝቅ ያደረገው የአእምሮ መድኃኒቱ ነው» ብለው ይጠረጥሩ ነበርና፣ መድኃኒት ባልጀመሩ ሰዎች ላይ ለውጡ መታየቱ ጥርጣሬውን በእጅጉ አዳክሞታል።

ነገር ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ያንሳል፤ በስኪዞፍሬኒያ ደግሞ በተወሰነ የአንጎል ክፍል ከልክ በላይ ይሠራል፤ ልጅዎ የሚወስደው መድኃኒትም የሚያግዘው የዶፓሚንን ተቀባዮች በመዝጋት ነው። ዶፓሚን ባነሰበትም ሆነ በበዛበት ሕመም የዓይኑ ሞገድ ዝቅ ካለ፣ ኢአርጂን እንደ ዶፓሚን መለኪያ አድርጎ ማንበብ አይቻልም ማለት ነው። የቢ ሞገድ መነሻ የሆኑት ሕዋሳት ከብርሃን ተቀባዮቹ መልእክት የሚቀበሉት ግሉታሜት በተባለ ሌላ መልእክተኛ ኬሚካል በኩል ነው፤ ግሉታሜትም በስኪዞፍሬኒያ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። ሴሮቶኒን የተባለው ሌላ መልእክተኛ ኬሚካልም በሬቲና ውስጥ አለ። በዚህ ላይ ማጨስ፣ የስኳር ሕመምና እንቅልፍ ማጣት በእነዚህ ታማሚዎች ዘንድ የተለመዱ ስለሆኑ የራሳቸውን አሻራ ይጨምራሉ። ስለዚህ ከልጅዎ ዓይን የሚወጣው መስመር ዝቅ ቢልም ባይልም፣ የሐኪሙን ምርመራ አያጸናውም፣ አይሽረውምም።

እንዲህ ከሆነ ለምን ይሳተፋል ይሉኝ ይሆናል። ለአእምሮ ሕመም የደም ምርመራ የለንም፤ በአንድ ሰው ላይ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የምናውቀው ሞክረን ነው፤ ለልጅዎም ምናልባት እንዲህ ተሞክሮለት ይሆናል፤ የዚህን ድካም እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የአንድን ሰው ኢአርጂ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ያለፈ ውጤት ጋር፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ይህን ሙከራ ሊያሳጥር ይችል እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው እንደ ልጅዎ ያሉ ሰዎች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ለራሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል፤ ይህን አውቆ ከፈቀደ ፈቃዱን ያክብሩለት። ከመፈረሙ በፊት ግን መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ በመካከል ቢያቋርጥ ሕክምናው እንደማይነካበትና ያልተጠበቀ የሬቲና ሕመም ቢገኝ እንደሚነገረው አብራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ትኩረት የሚያንሳቸውና የሚቅበጠበጡ ልጆች አሉ፤ አንዱን ደግሞ ኦቲዝም ይኖርበት ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። በዓይን ምርመራ ሁለቱን መለየት ተችሏል የሚል ነገር ሰማሁ። እውነት ነው? ወላጆቻቸውን ልላክ?
(መምህርት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሰሙት ወሬ መነሻው በ2022 በአውስትራሊያና በብሪታንያ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ከዓይን ሥር በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ተጠቅመው፣ የቢ ሞገድ የትኩረት ማነስ ባለባቸው ልጆች ከፍ፣ ኦቲዝም ባለባቸው ደግሞ ዝቅ ብሎ በአማካይ አግኝተውታል። አቅጣጫው መለያየቱ ትኩረት የሚስብ ነው፤ በቀላል መሣሪያ፣ ብሌን ሳይሰፋና ልጁ ሳይሠቃይ መሠራቱም ለወደፊቱ ያስደስታል። የተመረመሩት ልጆች ግን ጥቂት ናቸው፤ በሁለቱ ወገን ልጆች ውጤት መካከልም መደራረብ አለ። ስለዚህ ወላጆችን ለዚህ ብለው አይላኩ።

ለሌላ ምክንያት ግን ሊልኳቸው ይችላሉ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ይቅበጠበጣል፤ የማይሰማም ልጅ ሲጠራ አይዞርም፤ ስለዚህ የዕይታና የመስማት ምርመራ ይቅደም። በመሸ ጊዜ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚደናቀፍ፣ ጓሮ ለመውጣት የሚፈራ፣ ዳፍንት ያለበት የሚመስል ልጅ ካለ ደግሞ ያን ልጅ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ያስልኩት። ምክንያቱ የቫይታሚን ኤ እጥረት ከሆነ በቀላሉ ይታከማል፤ በዘር የሚመጣ የሬቲና ሕመም ከተጠረጠረ ግን ኢአርጂ በእርግጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ በዚህ ሥራው ላይ በዓይን ሐኪሞች ዘንድ ክርክር የለም።